የትርሲት ጥላ

ትርሲት ጠዋት ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ ጥላዋን ግንባሯ ላይ ታስራለች። ጥላ የሚባለው፣ ሰው ሲፈርድ በአእምሮው ውስጥ የሚያሸንፈውን ሐሳብ እየቀዳ ቢሮው ውስጥ ላለ ማሽን የሚያስተላልፍ ቀጭን ጥብጣብ ነው። ሐይቁ ላይ በተንሳፈፈው የሐዋሳ ሠፈር የሚታተመው «ጥሬ ቀለም»፣ ነፃ ነኝ የሚለው የሥነ ጥበብ መጽሔት፣ ለወጣት አርታኢዎች የስድስት ወር ፌሎውሺፕ፣ ማለትም ጊዜያዊ የሥራ ልምምድ፣ ይሰጣል፤ ትርሲትም ከተቀባዮቹ አንዷ ናት። ጥላ ማሰር ግዴታ ነው። በርትቶ የሠራ በቋሚነት ይቀጠራል ተብሏል።

እናቷ ከጅምሩ «ጭንቅላትሽን ገልብጠው ሲያበቁ ያባርሩሻል» ብላታለች። ትርሲት ስቃባት ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ዋና አዘጋጁ ጋሽ ኅሩይ ጠሯትና ጮኹባት።

«ይኼ ምንድን ነው? ለአዲሱ እትም የቀረበውን ሥራ ሁሉ አመስግኖታል! ያንን በጉም የተሣለ ፈረስ እንኳ!»

«ማን ነው ያመሰገነው?»

«ጥላሽ ነዋ! ማሽኑ ውስጥ የተቀዳው ፍርድሽ ብቻውን መጽሔቱን እንዲያዘጋጅ ለቀቅኩት።»

«ያለ እኔ?»

ጋሽ ኅሩይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከእንግዲህ አርታኢ አንቀጥርም። ፌሎው ይሄዳል፣ ጥላው ይቀራል። ግን ካንቺ በፊት የነበሩትም ጥላቸው አመስጋኝ ብቻ ነው። ዕቃው ተበላሽቷል።»

የትርሲት ደም ፈላ። እናቷ የፈራችው ሁሉ አንድም ሳይቀር ደረሰ።

«ዕቃውስ ደህና ነው! ሠዓሊውን ከነእናቱ ፊቴ አስቀምጠው ‹ፍረጂ› ይሉኛል። እኔ ሥራ ፈላጊ ነኝ፤ እናቱ እያየችኝ ምን ልበል? ‹ቆንጆ ነው፣ በርታ› አልኩ። ያለፉትም እንደዚሁ ብለዋል። የቀዱት ይሉኝታችንን ነው!»

«ታዲያ እውነተኛ ፍርድሽን የት ደበቅሽው?»

«እቤቴ! ይኼን ካወለቅሁ በኋላ ነው የማስበው።»

ጥብጣቡን ከግንባሯ መንጭቃ ወለሉ ላይ ጣለችው።

«የጉሙ ፈረስ አይረባም! ልጁ ጉም መርጫ ገዝቷል እንጂ ፈረስ አይቶ አያውቅም። እርስዎም አጠገቤ ተቀምጠው አንገትዎን ሲነቀንቁ ነበር። የሰው አእምሮ እየዘረፉ ነፃ መጽሔት! ጥላዬን ያጥፉልኝ!»

አሁን ዘበኛ ይጠራሉ፣ ስሜን በከተማው ሁሉ ያጠፉታል፣ ማንም አይቀጥረኝም ስትል አሰበች። ጋሽ ኅሩይ ግን ዓይናቸው በራ። ጥብጣቡን አንስተው በእጅጌያቸው ጠረጉና በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

«ስፈልገው የነበረው ይኼንን ነው! ሳይበርድብሽ እሰሪውና ድገሚልኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ልጅዎ አይደለሁም። አልደግምም።»

«እንግዲያው እኔው እለዋለሁ» አሉና ግንባራቸው ላይ አሰሩት። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የጉሙ ፈረስ ምስል ፊት ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። «አይረባም!» ብለው ጮኹ።

ማሽኑ አፋቸውን ሳይሆን ውስጣቸው ያሸነፈውን ሐሳብ አነበበ። የማሽኑ ስክሪን ላይ «ግሩም ሥራ ነው፤ እጅዎ ይባረክ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ጋሽ ኅሩይ ደገሙት። ጽሑፉ አልተለወጠም። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክሩ ድምፃቸው ተሰበረ።

ትርሲት በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። ንዴቷ አልበረደም፤ በዚያው ላይ ግን ለአንድ ልጅ ሥራ የተጻፈው «እጅዎ» የሚለው ቃል አንድ ጥያቄ ጨመረባት። እኚህን ሽማግሌ፣ ይህ ማሽን ከመሠራቱ ብዙ ዓመት በፊት፣ ፊት ለፊት አስቀምጦ ያስፈራራቸው ማን ይሆን?