አንድ ወጣ

«ወላጅ አይፈለግም አባዬ። የትምህርት ቤት ካርዱን ለእኛው ነው የሚሰጡን» አለች ኡርጂ፣ የጫማዋን ክር እያሰረች። ቀና ብላ አላየችውም።

«እሺ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አለ አባቷ ዲሪርሳ። ከዳውሮ፣ ከድንጋይ ከሰል ማውጫው፣ ትናንት የመጣው በአራት ወሩ ነው፤ ነገ ይመለሳል። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁረት በሳሙናም በሎሚም አልለቀቀም።

እዚሁ ሰበታ ላሉት የክፍል ጓደኞቿ «አባቴ ኮማንዶ ነው» ካለች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እርግጥ ወታደር ነበር፣ ያውም ተራ ወታደር። እግሩን ቆስሎ ተሰናበተና ከሰል ቆፋሪ ሆነ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኡርጂ ግን እያደር ከበደ። ስለ እውነተኛው አባቷ የምታወራው ሰው የላትም። ሲናፍቃት እንኳ ብቻዋን ነው የምታለቅሰው።

በሩን ስትከፍት ከኋላዋ «አንድ ወጣ» ሲል ሰማችው። የውትድርና ልማዱ ነው። ማዕድን ማውጫውም ላይ ወደ ጉድጓዱ የሚገባውን ሰው ይቆጥራል፣ ሲወጣም ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ካልሞላ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ጦር ሜዳ ሳለ አንድ ማታ ቁጥሩ በአንድ ሰው ጎድሎ ቀርቶበታል። ቤት ሲሆንም እሷ እስክትመለስ እህል አይቀምስም። ይህን የነገረቻት አብራት የምትኖረው አክስቷ ጠጅቱ ናት።

አስፋልቱ ጋ ጓደኛዋ ሄመን ከእናቷ ጋር ቆማ ነበር።

«አንቺ፣ ኮማንዶው ፋዘርሽ መጣ አሉ! የታለ?»

«ግዳጅ ላይ ነው» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቁርሱን ከድኖ፣ በሩን እያየ የተቀመጠው አባቷ ታያትና ዋጠችው።

«ቤት ነው። ኮማንዶ አይደለም፤ የድንጋይ ከሰል ነው የሚቆፍረው።»

«እንዴ! ታዲያ ለምን...»

«በኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ላምጣው።»

ስትመለስ እዚያው ዱካው ላይ ተቀምጦ ነበር። ቁርሱም እንደተከደነ ነው።

«ምን ረሳሽ?»

«ዋሽቼህ ነው አባዬ። ካርድ የሚቀበለው ወላጅ ነው። ተነስ፣ እንሂድ።»

እጆቹን አያቸው። «በዚህ እጅ ልፈርም?»

«በዚሁ እጅ።»

ጃኬቱን ለበሰ፤ ቁልፎቹን አሳስቶ ቆልፎ እንደገና ፈታቸው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ይቆጥራል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን እጆቹን ኪሱ ከትቶ ቀድሟት ወጣ።

«ሁለት ወጣን» አለች ኡርጂ፣ በሩን እየዘጋች።