ያልወረዱት መንገደኞች

ሬሳው ሐዲዱ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ሟቹ በአዲሱ የባቡር መስመር ስንት ሰው እንደሚሳፈር አስቀድሞ የገመተው ባለሙያ ነበር። ግምቱ ክፉኛ ስቶ ለብዙ ሕዝብ የተሠራው ጣቢያ ወና ቀርቷል፤ ለመስመሩ የፈረሰው ሰፈርም በከንቱ ፈርሷል።

«አፍሮ ራሱን ጥሎ ነው» አሉ ሁሉም።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችው። ሐዲዱ የፈነከተው ማጅራቱን ነው።

የጣቢያውን መሐንዲስ አስቀደመች። «ይጠሉት ነበር አሉ።»

«እንዴት አልጠላው! በእሱ ቁጥር ሠርቼ የሰው መሳቂያ ሆንኩ። ሲሞት ግን ትኬት ሻጯ ዘንድ ነበርኩ።»

ትኬት ሻጯም እውነት ነው አለች።

ቀጥሎ የሟችን ሚስት ጠየቀች። «ሰሞኑን እህል አልቀምስ ብሎ ነበር። ‹የፊተኛውን ቁጥር ያስጋነኑኝ ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ለታቀደው ሁለተኛ መስመር ግን አልዋሽም› አለኝ።»

ሰው ሬሳው ዘንድ ሲሰበሰብ የባቡር ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከላይ ከቢሯቸው አልወረዱም ነበር። «ባቡሩን አብረን ስንጠብቅ ነበር። ገብቶ ሕዝቡ ግር ብሎ ሲወርድ በግፊያው ተለያየን። እኔ ወደዚህ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደነካው እንጃ።»

«ሲለያዩ ደህና ነበር?»

«ቆሞ ትቼው!»

መጨረሻ ላይ የባቡሩን ሹፌር አገኘችው። «ሐዲዱ ላይ ወድቆ ከሩቅ አይቼው ፍሬን ያዝኩ» አላት። «ጣቢያው ሳልገባ ነው የቆምኩት።»

«ተሳፋሪዎቹስ?»

«የምን ተሳፋሪ? አንዲት እናት ብቻ ነበሩ። በሩንም አልከፈትኩም።»

ሁሉንም ሰፊው መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ጥግ ላይ ኩርምት ብለው ተቀመጡ።

«ራሱን የሚጥል ሰው ወደ ሐዲዱ ዞሮ ይዘላል» አለች። «እሱ ግን ጀርባውን ለሐዲዱ ሰጥቶ፣ ፊት ለፊቱ ከቆመ ሰው ጋር ሲነጋገር ተገፍትሮ ነው የወደቀው። መሐንዲሱ ምስክር አላቸው። እርስዎ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ አብሬው ነበርኩ ብለዋል፤ የለያያችሁ ከባቡሩ የወረደው ሕዝብ ነው አሉ። ባቡሩ ሲደርስ ግን እሱ ወድቆ ነበር። ከባቡሩም ማንም አልወረደም። ገፍትረውት ስለሸሹ ይህን አላዩም፤ የሌለ ሕዝብ ቆጠሩ።»

ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ነገ ቦርዱ ፊት ሊያጋልጠኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ቦርዱ?» አለ መሐንዲሱ በምሬት። «ባለፈው ሳምንት እርስዎ በሌሉበት፣ እኔ ባለሁበት እውነቱን ነግሯቸዋል። አንድም የሰማው የለም። ደብዳቤው ገና አልደረሰዎትም እንጂ ሁለተኛውን መስመር ዛሬ ጠዋት በተጋነነው ቁጥር አጽድቀውታል።»

ሚስትየዋ ቀና ብላ ሥራ አስኪያጁን አየቻቸው።

«ታዲያ ምኑ አስፈራዎት?»