የድርቤ ውሸት

ክፉን ሰው መጥላት ቀላል ነው፤ ደግን መጥላት ግን የጠዪውን ልብ እንደ ነቀዝ ይበላዋል። በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ ዘርፈሽ የምትባል ልጅ ነበረች። በዚህች ምድር ላይ ከማንም አብልጣ የምትጠላው ሰው አገር በደግነቷ የሚምልባት የእንጀራ እናቷ ድርቤ ነበረች።

እናቷ በወሊድ ስትሞት ዘርፈሽ ገና ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች። በቅሎ ነጋዴው አባቷ ኦቦ ጨመዳ ዓመቱ ሳይዞር ሽማግሌ ልኮ ድርቤን አገባ። ድርቤ የታረዘ ስታይ የትከሻዋን ጋቢ አውልቃ የምትሰጥ፣ የታመመ ጎረቤት ሳትጠይቅ የማትውል ሴት ነበረች። ለዘርፈሽ ያልሆነችላት ነገር አልነበረም። ልጅቷ ግን «የእናቴን አልጋ ወራሽ» እያለች ታመናጭቃት፣ ያጎረሰቻትን እየተፋች ለውሻ ትጥል ነበር። የአባቷ ወንድም ባቻም ይህቺ ሴት እናትሽን በዓይኗ በልታ ነው የገባችው እያለ እሳቱን ያራግባል።

ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ዓመት ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገባ። የመጀመሪያዋ ታማሚ ዘርፈሽ ሆነች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ከሰፈር ትውጣልን አለ፤ ከባኬ ጃማ ሰፈር ማዶ ጎጆ ተቀለሰላት። ባቻ ዝር አላለም። አባቷም እያለቀሰ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ድርቤ ግን ገባች። ቁስሏን አጠበች፣ ስትቃዥ አቀፈቻት፣ በትኩሳት ተንገብግባ ስትሰድባት ስድቧን እየሰማች ውሃ አጠጣቻት። ዘርፈሽ በዳነች ማግስት ድርቤ ወደቀች። በሽታው ነፍሷን ትቶላት ሁለት ዓይኖቿን ይዞ ሄደ…

ይህ ሁሉ ጥላቻውን አበረደው? ምነው በሆነ! ውለታ ለማይፈልግ ሰው ባለውለታውን እንደ ማየት ምን የሚከብድ ነገር አለ? ዓይነ ስውሯ ግድግዳ እየዳሰሰች ባለፈች ቁጥር ዘርፈሽ የተከሰሰች ይመስላት ነበር። ጉቴ ወደምትባል የገጠር ከተማ ስትዳርም እፎይ ብላ ሄደች፤ አባቷን ለመጠየቅ እንኳ ያቺ ሴት ባለችበት አልረግጥም አለች።

ጨመዳ ሲሞት ባቻ የአባታችን ርስት ነው ብሎ ቤቱን ፈለገው። ድርቤ የወንድሜ ገረድ እንጂ ሚስቱ አልነበረችም ብሎ ከሰሰ። ያጋቧቸው ሽማግሌዎች ሞተው ስለነበር፣ የጎረቤት ምስክርነትም አይበቃም ስለተባለ ነገሩ በልጅቷ ቃል ላይ ቆመ። ባቻ የቤቱን እኩሌታ እሰጥሻለሁ አላት። እርሷን ከጉቴ ያመጣት ግን ቤቱ አልነበረም፤ ጥላቻዋ ነበር።

ዳኛው መጽሐፍ ቅዱሱን አስቀርበው እንድትምል አዘዟት። ዘርፈሽ እጇን ዘረጋች። ይህኔ ድርቤ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች።

«ጌታዬ፣ ልጄን አያስምሏት» አለች። «ሚስቱ አልነበርኩም። ገረዱ ነበርኩ።»

ዳኛው ያስፈራራሽ ሰው አለ ወይ ብለው ደጋግመው ጠየቋት፤ የለም አለች። ቤቷንም፣ ትዳሯንም፣ ክብሯንም በአንድ ቃል ጣለች። ስትወጣ በእጇ እየዳበሰች የዘርፈሽን ትከሻ አገኘች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ… ቤት ይገኛል። በሐሰት የማለ እጅ ግን ታጥቦ አይጠራም።»

«ማን ለምኖሽ?» አለቻት ዘርፈሽ፤ እጇንም ከትከሻዋ ላይ እንደ እሳት አራገፈችው።

ባቻ ቤቱን ከተረከበ በኋላ ዘርፈሽንም ከደጁ መለሳት። ድርቤን መንገደኞች እየመሩ አኖ ከተማ አደረሷት፤ ወለቴ የምትባል የጉራጌ ባለሱቅ ሚስት አስጠጋቻት። ዘርፈሽ ይህን ብትሰማም ልትጠይቃት አልሄደችም። ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ አንድያ ልጇን ኩፍኝ ያዘው። ሰው ሁሉ አስተኚው እያላት እርሷ ከክንዷ ላይ አላወርድም አለች፤ እንደታቀፈችው ትንፋሹ ቆመ። ያን ጊዜ ገባት። እናት የወለደችውን ብታቅፍ ምን ይደንቃል? ድርቤ ግን በዚያች ጎጆ ያቀፈችው ጠላቷን ነበር!

ሐዘኗ ሳይወጣላት በጭነት መኪና ወደ አኖ ተሳፈረች፤ እግሯ ላይ ልትወድቅ። ከወለቴ ደጅ ስትደርስ ድንኳን ተተክሏል። ድርቤ ትናንት ተቀብራለች።

ማን እንደሆነች ሲጠይቋት ስሟን ተናገረች። ሴቶቹ በሙሉ ተነሱ። ይረግሙኛል ብላ አንገቷን ደፋች። ወለቴ ግን መጥታ አቀፈቻት።

«የጉቴዋ ልጇ! አንቺን ሳታነሳ ውላ አታውቅም። ‹ከእኔ ጋር ኑሪ እያለች ትለምነኛለች፤ ሸክም አልሆንባትም ብዬ ነው እንጂ› ትለን ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ።»

ዘርፈሽ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

«ውሸት ነው» አለች። «አንድም ቀን አልለመንኳትም። ከቤቷ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።»

ማን ይመናት! ሐዘን ያናገራት መስሏቸው ውሃ አመጡላት፣ ደግፈው ከሐዘንተኞቹ ሁሉ ፊት አስቀመጧት። ደጋግማ ተናገረች፤ በተናገረች ቁጥር ይበልጥ አዘኑላት። የመረቋት አሮጊቶች ምርቃት እንደ ድንጋይ እየወረደባት እስኪመሽ ተቀመጠች…

ዕድል አንዳንዱን በእርግማን ትቀጣለች፤ ለዘርፈሽ የቆረጠችላት ግን ዕድሜ ልኳን ያልሠራችውን ደግነት እየተመሰገነችበት መኖርን ነው። ይቅር በይኝ የምትላት ሰው ደግሞ ከአፈር በታች ነበረች።