በቀን አንድ ጠርሙስ

ሳጅን ታንጉት ከቆቦ ተነሥታ ሮቢት ስትደርስ ሙዓዊያ አልጋው ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቷል። ለቀስተኛው ገዳዩን መርጦ ጨርሷል፤ ሚስቱ ሀጀራ ናት። ከሌላ ቀዬ የመጣች ሴት ስትጠረጠር ምስክር አይጠየቅም።

ሙዓዊያ ዕድሜውን የአስቤስቶስ ቱቦ በመጋዝ ሲቆርጥ ኖረ። አቧራው የሳንባውን ሽፋን ካንሰር አስያዘው።

«መርዛው ነው!» አለ ታናሽ ወንድሙ ሰላሁዲን። «ደረቱ ተከፍቶ ሽፋኑ ይውጣለት ስል እንቢ ያለች እሷ!»

«እንቢ ያሉት ሐኪሞቹ ናቸው» አለች ሀጀራ። «አቅሙ ቀዶ ጥገና አይችልም፤ የካንሰሩ መድኃኒትም ዕድሜ ቢጨምር እንጂ አያድንም አሉ። ደረቱ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በተከሉለት ቱቦ እንድንቀዳለት አሳዩን። በቀን አንድ ጠርሙስ፣ ከዚያ መዝጋት።»

«ዛሬ ማን ቀዳለት?» አለች ታንጉት።

«ጠዋት እኔ፤ መጸዳጃው ጉድጓድ ደፋሁት። ከዚያ ማስታገሻ ላመጣ ቆቦ ሄድኩ። ወንድሙ አብሮት ነበር።»

«ቅጠል በጥብጠሽ ነው የሄድሽው! ጽዋው ይኸው!» አለች አክስቱ ራቢዓ።

ታንጉት አየችው። እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ አቧራ ሰፍሮበታል።

«እማማ ራቢዓ፣ ሲተኛ እንዴት ነበር?»

«ምን መኝታ አለው ልጄ! ጋደም ካለ ያፍነዋል። ሦስት ወር ተቀምጦ ነው ያነጋው።»

ታንጉት ወደ ጓሮ ዞረች። ዝናብ ከጠፋ ወር አልፎታል፤ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ግን መሬቱ ርሷል፣ ዝንብ ወሮታል። ለሐኪሙ ስልክ ደወለች፤ ተመልሳም ሦስቱን ሰበሰበቻቸው።

«ጽዋው አልተቀመሰም፤ መርዝ የለም። መንጋለል የማይችል ሰው ዛሬ በጀርባው ተኝቷል፤ ደረቱ ባዶ ሆኗል ማለት ነው። ውሃው አጥሩ ሥር ነው፤ ከሦስት ጠርሙስ አያንስም። ሁሉም ባንዴ ሲቀዳ፣ ታፍኖ የኖረው ሳንባ ድንገት ይነፋና ራሱ ውሃ ይሞላል ብሎኛል ሐኪሙ። ሀጀራ ቆቦ ሳለች ቤት የነበርከው አንተ ነህ፣ ሰላሁዲን። ማጅራትህ ላይ ያለው የዋግምት ብጥም ገና አልደረቀም።»

«ዋግምት ሲያዝ መጥፎው ደም እስኪያልቅ ነው የሚሳበው!» ጮኸ ሰላሁዲን። «በግማሽ የሚተው ማን አለ? ሐኪሞቹ የሰነፉ መሰለኝ። ስከፍትለት ‹አልሃምዱሊላህ፣ ተነፈስኩ› አለኝ። ከዚያ ያስለው ጀመር... አረፋ አረፋ...»

«ስትፈራ ደግሞ እሷ ላይ ጣልከው።»

ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው፣ ሁሉን እየሰሙ ደጅ ቆመዋል። ታንጉት ካቴናዋን አወጣች።

«ወንድሙን ይሸከም» አለች ሀጀራ። «ካቴናው ከቀብር በኋላ ይደርሳል።»

ሰላሁዲን የቃሬዛውን ፊት ያዘ። ገዳይ ሲሏት የዋሉት ወንዶች በፊቷ አለፉ። «አውፍ በይን» ብሎ ይቅርታ የጠየቃት አንድም አልነበረም።