ገፊ አያሳጣሽ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን፣ በዓረፋ ዋዜማ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚያወጣው አስፋልት ላይ አንዲት ሰማያዊ ዲኤክስ እያሳለች ትመጣ ነበር፤ መሪዋን የጨበጠው ልብስ ሰፊው ዓለምነህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባለመኪና ሲባል ኖሯል፤ መኪናይቱ ግን የስፌት ነበረች። ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ሲሞላ፣ ከልጁ ከሰላማዊት በዕድሜ የምትበልጠውን ይህችን አሮጌ ገዛና፣ የሰፈሩ የጎንደር በር ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጥሩምባዋን እየነፋ ወልድያ ገባ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዕረፍት አጣ። ዝናብ ሲያካፋ ከሱቁ ሮጦ ይወጣል፤ ልጆች ኳስ ሲመቱ ልቡ ትዘላለች፤ የደንበኛ ሱሪ ሲቆርጥም ሐሳቡ ከኮፈኑ ሥር ከሚንኳኳው ነገር ጋር ነበርና አንዱን እግር ከሌላው አሳጠረው። ሻጩ «አንድ አመል የላትም» ብሎ ምሎ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ አመሏ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ሞተሪኖዋ ስለ ደከመ በቁልፍ አትነሣም፤ ወይ ቁልቁለት ወይ የሰው ትከሻ ትሻለች። ከተነሣችም በኋላ ሚኒሞ አትይዝም፤ እግሩን ከነዳጁ ላይ ካነሣ እዚያው ጸጥ ትላለች። ስለዚህ በጎረቤቱ በሼህ ኡበይደላ ደጃፍ ያለውን ቁልቁለት መረጠ፤ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ደግፎ አቆማት።

ሼህ ኡበይደላ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ እስላም ክርስቲያኑን የሚያስታርቁ፣ ምርቃታቸው መሬት ጠብ የማይል አዛውንት ነበሩ። በማግስቱ፣ በዓረፋ ዕለት፣ ደጃፋቸው በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ፣ ዓለምነህ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«እንኳን አደረስዎ ሼህ ኡበይደላ! እስቲ ይችን መኪናዬን ይመርቁልኝ።»

ሼሁ መዳፎቻቸውን ዘረጉ።

«ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ! የሄድሽበት ይቅናሽ! ገፊ አያሳጣሽ!»

«አሚን!» አለ እንግዳው፤ ወዲያውም ሳቁ ፈነዳ።

ዓለምነህ አልሳቀም። በተወለደ በሦስተኛው ቀን አባቱ፣ ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተው ነበርና «ገፊ» ሲባል ያደገ ሰው ነው፤ ወላጆቹን ወደ መቃብር የገፋ፣ እግረ ደረቅ ማለታቸው ነበር። ሰው ሁሉ የረሳትን ያቺን ቃል ሼሁ በአደባባይ ቆፍረው ያወጡበት መሰለው።

«እኔን ነው ሼህ?» አለ።

«ኧረ መኪናዋን ነው የኔ ልጅ! የሚገፋት ሰው አትጣ ማለቴ እኮ ነው።»

«ምርቃትዎን ለራስዎ ያድርጉት!»

ድንጋዩን አንሥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ዞረና መኪናይቱን በገዛ ደጁ ፊት፣ ሜዳው ላይ አቆማት። ሼሁ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ቢልኩበት አልሰማም። «ግፉልኝ» ብሎ መለመንም ሞት ሆነበት፤ ጠዋት ጠዋት ገብቶባት ይቀመጣል፤ መሪዋን ይወለውላል፤ ተመልሶ ይወጣል።

በነሐሴ መግቢያ ጦርነቱ ቀረበ። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከቆቦ በኩል ይሰማ ጀመር፤ ሚኒባሱም ባጃጁም ከከተማው ጠፋ፤ ሕዝቡ ጓዙን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ደቡብ ጎረፈ። ሰላማዊት ወሯ ገብቷል፤ ባሏ ለሥራ ሰመራ ነው፤ የዓለምነህ እኅት ንግሥት ደግሞ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቃ መርሳ ነበረች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምጡ ጀመራት።

ሐኪሞቹም ስለ ሸሹ ዓለምነህ ወደ እኅቱ ወደ መርሳ ሊወስዳት ልጁን አስገብቶ ቁልፉን አዞረ፤ መኪናይቱ ቃ ብላ ዝም አለች።

«አባዬ፣ ሰው ጥራ!» አለች ሰላማዊት።

«ማንን ልጥራ?»

ወርዶ በትከሻው ገፋት፤ የክረምቱ ጭቃ ጎማዋን ይዞ ስንዝር አላስኬዳት አለ። ቀና ሲል ሼህ ኡበይደላ ከዘራቸውን ጥለው ይመጣሉ፤ ወደ መንገደኛውም ይጮኻሉ።

«እናንተ ሰዎች! ለአላህ ብላችሁ፣ ለማርያም ብላችሁ፣ ሸክማችሁን አንድ ጊዜ አውርዱት!»

አራት አምስት ሰው ሸክሙን ጭቃው ላይ ጣለ። ሼሁም ትከሻቸውን አስጠጉ።

«እርስዎ እንኳ ይተዉት ሼህ…»

«ግባ ብየሃለሁ! ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ልጅቱን አታያትም?»

ገፏት። አንዴ አነጠሰች፤ ደገመች፤ በሦስተኛው ጭሷን ተፍታ ተነሣች። ዓለምነህ ወርዶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ፣ ቢያንስ አንዲት የይቅርታ ቃል ሊናገር ወደደ፤ እግሩን ከነዳጁ ቢያነሣ ግን ትጠፋለች። በስፖኪዮው መስተዋት ውስጥ ሼሁ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ መዳፋቸውን እንደ ዘረጉ ከዓይኑ እየራቁ ሲሄዱ አያቸው፤ መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን እስኪያልፍ ድረስም እያለቀሰ ነዳ። በዚያው ቀን ሰላማዊት መርሳ ላይ በአክስቷ ቤት ወንድ ልጅ ወለደች።

ዓለምነህ ከመርሳ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወዲያ ተሰድዶ፣ ወደ ወልድያ የተመለሰው በታኅሣሥ ፳፻፲፬ ነው። ከቤቱ በፊት ወደ ሼሁ ደጃፍ ሄደ፤ መኪናይቱንም እንደ ድሮው ቁልቁለቱ ላይ አቆማት። የሼሁ ባለቤት እትዬ ሲቲ ብቻቸውን ወጡ።

«በኅዳር ታመው ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው» አሉት።

ዓለምነህ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«በዚያ ጭቃ ያስገፋኋቸው እኔ ነኝ እትዬ ሲቲ። ሰው እውነቱን ነው፤ ገፊ ነኝ።»

«አንተ ሞኝ!» አሉ ሲቲ እንባቸውን እየጠረጉ። «ገፊውስ እሳቸው ነበሩ፤ አንተማ ተገፍተህ የሄድክ ነህ። ነፍሳቸው እስክትወጣ ‹ያቺ ዲኤክስ መርሳ ገብታ ይሆን?› ይሉ ነበር።»

የታሪክ መዝገብ የዚያን ዘመን ነገር ሲያወሳ ከተማይቱ መቼ እንደ ተያዘች፣ መቼም እንደ ተለቀቀች ይጽፋል፤ ሸክሙን አውርዶ የሰው መኪና የገፋውን አይጽፍም። ዓለምነህ ሞተሪኖዋን አሠርቷል፤ ዛሬ በቁልፍ ትነሣለች፤ ቢሆንም የምትቆመው እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው። በሰፈሩም የማንም መኪና እንቢ ባለ ጊዜ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ ሮጦ ይወጣና ከሩቅ ይጮኻል፦

«ማርሽ አስገባ! ገፊ መጥቷል!»