በዝምተኛዋ ሴት አፍ ያኖርኩት ቃል

ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ እኔን ጋሽ ታፈሰን የማያውቅ ካለ፣ ወይ ትናንት ከገጠር የገባ ነው፣ ወይ ጆሮ የለውም። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ እንግሊዝኛን ከሬዲዮ ብቻዬን ተምሬ፣ በቪዲዮ ቤት ዘመን ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዤ እየተቀመጥኩ፣ የፈረንጁን ፊልም ለመርካቶ ሰው በአማርኛ ስተረጉም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወንዱም ሴቷም ፈረሱም እኔው ነበርኩ። የድሮ ተመልካቾቼ ዛሬም መንገድ ላይ አስቁመው "ጋሼ፣ የእርስዎ ትርጉም ከፊልሙ ይበልጥ ነበር" ይሉኛል፣ እኔም አልክድም። በቡዳ፣ በጠንቋይ፣ በመንፈስ አምኜ አላውቅም፤ ጎረቤት ጠበል ለጠበል ሲንከራተት እኔ የተበላሸ ቴሌቪዥን እየፈታሁ እስቅ ነበር። ይህን የማስቀድመው ቀጥሎ የምልህን ስትሰማ "ሽማግሌው ጃጀ" እንዳትል ነው።

አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበረን። አንዲት ቆንጆ ሴት አንዱን ምስኪን በፍቅር አሳብዳ ባሏን እንዲገድልላት ታደርገዋለች፣ በመጨረሻም እሱኑ አቅፋ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ በሽጉጥ ትገድለዋለች። ይህ ለደከመው ሰው ይታያል እንዴ? ስለዚህ ልክ ሲተቃቀፉ በዝምተኛዋ ሴት አፍ የራሴን ቃል አኖርኩላት፤ "በውሸት ያመጣሁህ፣ በእውነት ብጠራህ ስለማትመጣ ነው" አስባልኳት። ከዚያ ተኩሱ ሳይመጣ ቴፑን አጥፍቼ "ተያይዘው አገር ለቀው ሄዱ" እላለሁ፣ ቤቱም በጭብጨባ ይናጋል። ታዲያ "ያመጣሁህ" ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሳል ይይዘኝ ነበር፣ ቤቱ በሲጋራ ጭስ የታፈነ ነዋ፤ ሁለት ጊዜ ኡሁ ኡሁ ብዬ እቀጥላለሁ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በየጊዜው የሚያለቅሰው ጓደኛዬ ከድር ነበር።

ያ ከድር ኋላ የብርድ ልብስ ነጋዴ ሆነ፣ ሚስቱ ስትሞትበት ብቻውን ቀረ። አምና ክረምት አንዲት ሴት ገባችበት። ባል የለኝም አለችው፣ እሱም የሱቁን ውክልና ሰጣት። ልጁ ሙኒራ እያለቀሰች መጣችብኝ።

"ጋሼ፣ ሴትየዋ ባል አላት አሉ። አባባ ሱቁን ሰጥቷታል፣ አሁን ቤታችንንም ሊሰጣት ነው። የሚሰማው እርስዎን ብቻ ነው።"

"ለእኔ ተይው" አልኳት፤ እንዲህ ያሉትን ሴቶች ስንቱን ተርጉሜያለሁ!

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሱቁ ሄድኩ። ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ብረት ስለሆነ ድመት ብትወጣበት እንኳ ይንኳኳል። ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራትም ጠፍቷል።

"መጣህ ነገረኛው!" አለ ከድር። "ሙሽራዬን ልትመርቅ ነው?"

"ልፈትሻት ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሬዲዮ መሰለችህ እንዴ?"

እየሳቅን ቀና ስል ሴትየዋ በብርድ ልብሶቹ ክምር መካከል ቆማለች። እመነኝ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ነው ያደረገችው፣ ደረጃው ግን ትንፍሽ አላለም፤ ውጭ ዶፍ እየወረደ ጸጉሯ ደረቅ ነው።

"ልጄ፣ ባል አለሽ?" አልኳት።

"አለኝ ጋሼ።"

ከድር ደነገጠ። "ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?"

ጠጋ ብላ እጁን ያዘችው። "በውሸት ያመጣሁህ..." አለችና ኡሁ ኡሁ፣ ሁለት ጊዜ ሳለች። "በእውነት ብጠራህ ስለማትመጣ ነው።"

ቃሉ የኔ፣ ሳሉ የኔ፣ የድምፁ አጣጣል ሳይቀር የኔ! ቪዲዮ ቤታችን ሲዘጋ ገና ያልተወለደች ልጅ! ከድር ነግሯት ይሆናል ትለኛለህ፣ እኔም ብያለሁ፤ ግን እንደኔ መሳልን ማን አስተማራት?

"ይህን ከየት ሰማሽው?" አልኳት።

"እርስዎ ነዎት የነገሩኝ" አለች ፈገግ ብላ።

"ከድር፣ ተው! በፊልሙ እኮ ትገድለዋለች!" ብዬ ጮህኩ።

"አትዋሽ" አለኝ እንባው እየወረደ። "ተያይዘው አገር ለቀው ሄዱ። አንተው አይደለህ እንዴ የነገርከን?"

ተያይዘው ወረዱ። ብረቱ ላይ የሰማሁት የአንድ ሰው እግር ብቻ ነው።

ከድር ከዚያ ወዲህ የለም። ስልኩ አይሠራም፣ ሱቁ ላይም የማናውቀው ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

እኔ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ሙኒራን ይዤ ፍርድ ቤት ሄጄ ቤቱ እንዳይነካ አሳግጃለሁ። አውቶቡስ ተራ ያለውን ተሸካሚ ሁሉ ጠይቄ፣ ከድር ብቻውን ሲሳፈር ያየውን ሰው አግኝቻለሁ፤ ከጎኑ ያለውን ባዶ ወንበር ብርድ ልብስ ሲያለብስ ነበር አለኝ። የሞተ የቪዲዮ ማጫወቻ በገዛ እጄ ጠግኜ የዚያን ፊልም ካሴት እስከ መጨረሻው አይቻለሁ፤ የሴትየዋ ከንፈር እንደ ድሮው አልተከፈተም፣ ከተኩሱ በፊት ግን ሁለት ጊዜ ሳል ይሰማል። ካሴቱን ፈትቼ በመቀስ ቆራርጬዋለሁ። ዛሬ ለአንተ ከመንገሬ በቀር ያንን ቃል በአፌ ደግሜ አላወጣሁትም። ጉሮሮዬን ሲከረክረኝም ውሃ እየጠጣሁ፣ ትንፋሼን እየያዝኩ፣ እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳልኩም።