በመስኮቱ ሥር ያለፈው ቱታ

የመብራት ሠራተኛው ፈንታሁን ከወፍጮ ቤቱ ምሰሶ ሥር ተንጋሎ ሞቷል። የመካነ ሰላም ገበያተኛ ግን ከፖሊስ ቀድሞ ፈርዶ ጨርሷል፤ ባለወፍጮው ጋሽ አበጋዝ በድንበር የተጣሉትን ሰው ምሰሶ ላይ ሳለ መብራት ለቀው ገደሉት ተባለ። ሽማግሌው በካቴና ታስረው ቆመዋል። መርማሪዋ ኢንስፔክተር የኔአለም እንዲህ ያለ ችኮላ አይጥማትም።

«መብራቱን ለምን ለቀቁት፣ ጋሽ አበጋዝ?»

«ወርዶ አይቼው ነዋ! የመስመሩ ማብሪያ እኔ ወፍጮ ቤት ነው፤ ስምንት ዓመት እንዲሁ ነው የምንሠራው። ሲጨርስ በመስኮቴ ሥር ያልፋል፤ ያን ጊዜ እለቃለሁ። ዛሬም ብርቱካናማ ቱታው ሲያልፍ አየሁ፣ በማርያም!»

«ፊቱንስ?»

«ፊቱን እንኳ አላየሁም።»

የኔአለም መስኮቱን አየችው። መስታወቱ ዱቄት ለብሶ ከቀለም በቀር አያሳይም። ከሥሩ በፈሰሰው ዱቄት ላይ አዲስ ዱካ አለ፤ የሟቹ ቦት ጫማ ላይ ግን ብናኝ የለም።

ጎረቤቱ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ ዋለ አምፖል መቀየር የሚፈራ ሰው ነው፤ ግድግዳው ላይ ግን ብርቱካናማ ቱታ ለብሶ፣ ሄልሜት ደፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል።

«ቱታው የማን ነው?»

«የእኔ። ከደሴ ነው ያስመጣሁት። ፋሽን ነው እኮ!»

«ዛሬ ለብሰኸው ነበር?»

«ወላሂ አልለበስሁም።»

ጫማውን አየችው። በዱቄት ነጥቷል።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አበጋዝን፣ ዋለንና የሟቹን ሚስት ሥርጉትን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሰበሰበቻቸው።

«ፈንታሁን በዚህ መስኮት ሥር አላለፈም፤ ጫማው ንጹሕ ነው። ዱካው የሚሄደው ወደ ፎቶ ቤቱ ነው። ቱታውን ከዋለ ሣጥን ውስጥ አገኘነው፤ እግሩ ጫፍ ላይ ዱቄት አለ። ጋሽ አበጋዝ ያዩት ዋለን ነው። ፈንታሁን ወረደ ብለው መብራቱን ሲለቁ፣ እሱ ገና ሽቦው ላይ ነበር።»

«ልብስ ነው የለበስሁ!» አለ ዋለ። «ማንንም አልነካሁም!»

«በልብሱ የማስርህበት ሕግ የለኝም። ግን ሽማግሌው ሲታሰሩ ምን እንደሆነ ገብቶሃል። ቱታውን ደብቀህ፣ ዋሽተህ፣ ቆመህ አየህ። የማስርህ በዚህ ነው።»

ሥርጉት ወደ ዋለ ተራመደች። «ባሌ ይኼን ልብስ አድርጎ በወጣ ቁጥር ልጆቼ እስኪመለስ እህል አይወርድላቸውም። አንተ አማረብኝ ብለህ ፎቶ ተነሳህበት!»

ዋለ አንገቱን ደፋ። ምን ያደርጋል፣ ዘግይቷል።

ካቴናው ከጋሽ አበጋዝ እጅ ተፈታ። ሽማግሌው ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ሥርጉት ፊት ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ሥርጉት በእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ ሰምታለች። ይቅር ማለቱ ግን አልሆነላትም፤ ፊቷን አዙራ ሄደች።